24ኛው ዕጣ

የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» ይባላል። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደሆነ አባቴን ጠይቄው «ሕዝቡን ስለሚመራ ነዋ» ብሎኝ ነበር። መልሱ በቅቶኝ አደግኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ እኔ ራሴ የሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ ሆኜ ስመረጥም የማውቀው ይህንኑ ነበር። ሙሴ ማለት ከፊት የሚሄድ ነው። በትር የያዘ። መንገዱን የሚያውቅ።

ዛሬ የምጽፈው በዚያ ስም ስለሠራሁት አንድ ጥፋት ነው። ገንዘብ አላጎደልኩም። ሰው አልሰደብኩም። እንዲያውም ጥፋቱን በሠራሁበት ቀን ተጨብጭቦልኛል።

ጽዋ ርቆት ላደገ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ማኅበራችን 24 አባላት አሉት። በየወሩ በ12 በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ባለተራው ድፎ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ እንደ አቅሙ ይደግሳል። የንስሐ አባታችን ይጸልያሉ። ድርሳነ ሚካኤል ይነበባል። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል። የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። ማስታረቁ የሙሴው ሥራ ነው። ደጅ ለመጣ ነዳይ ሁሉ ይሰጣል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለተራ ይነሳና ጽዋውን ይረከባል። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በዝማሬና በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሚካኤል እኔ ጋ ነው» ይላል። ወሩን ሙሉ እንዲህ ነው የሚለው። «ጽዋው እኔ ጋ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ተራው የሚወጣው በዕጣ ነው። ዙሩ ሲያልቅ 24 ቁራጭ ወረቀት ይጠቀለላል። አንድ ሕፃን ይጠራና ያወጣል። ሀብታም፣ ደሃ፣ ሽማግሌ፣ ወጣት አይባልም። አንደኛ የወጣለት በወሩ ይደግሳል። 24ኛ የወጣለት ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

በዚያ ዙር 24ኛው ዕጣ የወጣው ለአንዲት እናት ነበር። ስማቸውን አልጽፍም። ማኅበርተኛው ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። ጉለሌ ውስጥ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከማኅበሩ ቀርተው አያውቁም። ሁልጊዜ ቀድመው ይመጣሉ፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

22ኛው ወር ላይ ስንደርስ የኑሮ ውድነቱ ሁላችንንም እያንገዳገደን ነበር። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው። ለድግሱ ተበድረው የደገሱ ሰዎች እንዳሉ ሹክ ተብሎልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ቁጭ ብዬ በኤክሴል ሠራሁት። ከቤት ቤት መዞሩ ቢቀር፣ በየወሩ ትንሽ መዋጮ ቢሰበሰብ፣ የሰበካውን አዳራሽ ብንጠይቅ፣ ወጪው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቁጥሩ ልክ ነበር። ዛሬም ባየው ልክ ነው።

ጸልዬበታለሁም። ይህን የምለው ሃሳቡ ከሒሳብ ብቻ እንዳልመጣ እንዲታወቅ ነው። ሦስት ሌሊት ተነስቼ ጸልያለሁ። በሦስተኛው ሌሊት ውስጤ ቀለለኝ። ደስ የሚል ሰላም ሞላኝ። መልስ አገኘሁ ብዬ ተኛሁ።

በማኅበሩ ቀን ተነስቼ ቁጥሩን አነበብኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ጸልዬበታለሁ። የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ ውስጤ ነግሮኛል።» ትንሽ ጸጥ አለ። «ተቃውሞ አለ?» አልኩ። የለም። «የሚስማማ እጁን ያውጣ።» እጆች ወጡ። ጭብጨባ ሆነ። አንድ ሁለት ሰው ሊስመኝ መጣ። ለምን አይመጣ? 22ቱ ደግሰው ጨርሰዋል። የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። 23ኛው ባለተራ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት ነው። ፊቱ ላይ ትልቅ ሸክም የወረደለት ሰው ይነበብ ነበር። እማማ በሩ አጠገብ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ያውጡ አያውጡ አላየሁም። አልፈለግኩማ።

የመጀመሪያው የአዳራሽ ወር ደህና አለፈ ማለት ይቻላል። ከ24ታችን 15 ሰው መጣ። ፕላስቲክ ወንበር፣ የታሸገ ውኃ፣ ከዳቦ ቤት የመጣ ዳቦ። በአንድ ሰዓት አልቆ ሁሉም ወደ ቤቱ። ጽዋውን ማን ይረከብ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ «ቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ» ብዬ ወሰንኩ። የሚሸከመው ሰው አልነበረም። እልልታም አልነበረም። እማማ አልመጡም።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት መዋጮ ለመቀበል ነው። «ደህና ናቸው ወይ?» የሚለው ሁለተኛ ሃሳቤ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ደጁ ላይ በሰፌድ ጌሾ ተሰጥቷል። ሁለት እንስራ ታጥበው ተደፍተዋል። ገባሁ። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ አንዱ ጥግ ብቻ ቀርቷል፤ ቀለሙ አልቆ ይሆናል። መደርደሪያቸው ላይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። አበባ ያለበት፣ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ እጀታ ያለው።

«ብርጭቆ አበዙ እማማ» አልኳቸው፣ የምለው ቢጠፋኝ።

«በወር አንድ አንድ ነው የገዛሁት» አሉ። «ዕጣው ከወጣልኝ ጀምሮ። አንዱ ይቀረኛል።»

ቆጠርኩ። 23 ነበሩ።

ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው ቀሩ። ብዙ ቆይተው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ እንዲህ አሉኝ፦ «ሙሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚካኤል ቤቴ እንዳይመጣ ምን አጥፍቼ ነው?»

«እማማ፣ ወጪው ከብዶ…»

«ዱራታዎስና ቴዎብስታ ምን ነበራቸው? አንተ አይደለህ እንዴ ያነበብክልን?»

አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ኅዳር 12 ቀን፣ ድምፄን ሞልቼ። ታሪኩን የሚካኤል ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ባልና ሚስቱ በየወሩ በ12 የሚካኤልን መታሰቢያ የሚያደርጉ ደጎች ነበሩ። ከዚያ ድህነት መጣባቸው። የሚደግሱበት ሲያጡ ባልየው ልብስ ይዞ ሊሸጥ ወጣ። መልአኩ በትልቅ ሹም አምሳል መንገድ ላይ አገኘው፣ ቤታቸውም መጣ። በተገዛው ዓሣ ሆድ ውስጥ ወርቅ ተገኘ። ባነበብኩት ቁጥር የማደምቀው ወርቁን ነበር። እማማ የያዙት ግን ሌላውን ነው። መልአኩ ወደ ባዶው ቤት መምጣቱን።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። ይህን ጥያቄ በመጠየቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አልክ» አሉኝ። «እኔ ማን ነኝና ከእግዚአብሔር ጋር እከራከራለሁ?»

መዋጮውን አጣጥፈው፣ በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠውት ነበር። ሰጡኝ። ሳልቀበል ወጣሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሦስቱን የጸሎት ሌሊቶች መልሼ መላልሼ አሰብኳቸው። ምን ነበር የጸለይኩት? ቃሉን አስታወስኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ነገር አቃናልኝ።» አንድም ጊዜ «ልክ ነኝ ወይ?» አላልኩም። የመጣልኝ ሰላምም ሰላም አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ከባድ ነገር ወስኖ የጨረሰ ሰው የሚሰማው እፎይታ። ሁለቱ ከውስጥ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። እፎይታ ግን የሚመጣው ለወሳኙ ብቻ ነው። በእኔ እፎይታ የሌላ ሰው ጌሾ ደጅ ላይ ተሰጥቶ ቀርቷል።

ሌላም ነገር ነበር፣ ከዚህ የባሰ። ተራውን የሰጠን ዕጣ ነው። ዕጣውን ስናወጣ ጸልየናል። «አንተ የወደድከውን አስቀድም» ብለናል። ለእማማ የደረሳቸው 24ኛው ቦታ በማኅበራችን ቋንቋ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው። እኔ ያንን እጅ በማስወጣት ወሰድኩት። ከዚያ የወሰድኩበትን «የእግዚአብሔር ፈቃድ» አልኩት።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ «ሙሴነቱን ልልቀቅ፣ አይገባኝም» አልኩ። ያመሰግኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ትሕትና መስሎህ ነው?» አሉኝ። «ይሄ ሽሽት ነው። መጀመሪያ ያጎበጥከውን አቅና። ከዚያ ብትወድ ልቀቅ።» ስነሳ ደግሞ ጨመሩ፦ «ስሙን ይዘሃል። ሰውየውን ግን አንብበኸዋል?»

አንብቤው ነበር፤ ባሕሩን ሲከፍል፣ ዓለቱን ሲመታ፣ ጽላቱን ይዞ ሲወርድ። ማለትም ፊልም የሚሆነውን ቦታ። በዚያ ሳምንት ግን ኦሪት ዘኁልቍን ቀስ ብዬ አነበብኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው መጽሐፍ ነው። ቆጠራ ይበዛበታል።

ምዕራፍ 11 ላይ ኤልዳድና ሞዳድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ወደ ድንኳኑ ሳይመጡ፣ ሰፈር ውስጥ እንደቀሩ ትንቢት ይናገራሉ። ኢያሱ ደንግጦ «ከልክላቸው» ይላል። ነቢዩ ሙሴ ግን ሕዝቡ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ እመኛለሁ ብሎ ይመልሳል። መሪው የእግዚአብሔር ድምፅ በእሱ በኩል ብቻ እንዲመጣ አልፈለገም። ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ የገዛ ወንድሙና እህቱ ያሙታል። ምክንያቱ ኢትዮጵያዊቷ ሚስቱ ነች። እኛ ይቺን ቦታ ስለ ኢትዮጵያ ስም ብለን እንወዳታለን፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ቁጥር ግን እናልፈዋለን። «ሙሴ በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት ሰው ነበር» የሚለው እዚያው ነው። የተጻፈው ባሕሩ ሲከፈል አይደለም። ሰው ሲያማውና እሱ አንድ ቃል ሳይመልስ ነው።

ልቤን የያዘው ግን ምዕራፍ 27 ነው። የሰለጰዓድ ሴት ልጆች ታሪክ።

ምድሪቱ ልትከፋፈል ነው። በዕጣ። ደንቡ ወጥቷል፤ ርስት የሚያልፈው ለወንድ ልጅ ነው። ሰለጰዓድ ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞቷል። አምስት ሴት ልጆቹ መጥተው በሙሴ ፊት፣ በካህኑ ፊት፣ በአለቆቹ ፊት፣ በማኅበሩም ሁሉ ፊት ቆሙ። «የአባታችን ስም ስለ ምን ይጠፋል? ርስት ስጡን» አሉ።

እስቲ ያን ጊዜ ሙሴ ማን እንደነበር አስቡት። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረ ሰው ነው። ሕጉን ተቀብሎ ያመጣው እሱ ነው። «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ለማለት ከሱ የበለጠ መብት ያለው ሰው በምድር ላይ አልነበረም። «ሕጉ ተወስኗል» ቢላቸው ማንም አይፈርድበትም ነበር። አላለም። ነገራቸውን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ፊት ሄደ። አላውቅም ማለቱ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋግሮ፣ አሁንም የሚቀረው ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። መልሱም መጣ፦ ልጆቹ የተናገሩት እውነት ነው፣ ርስቱን ስጣቸው። ደንቡ ለሁሉም ተስተካከለ።

ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። የእግዚአብሔር ፈቃድ የመጣው ከአምስት ሴቶች አቤቱታ ውስጥ ነው። አቤቱታው ባይሰማ ፈቃዱም አይታወቅም ነበር። አምስቱ ደግሞ ለመናገር ድፍረት ያገኙት አፍ የሚዘጋ መሪ ፊት ስላልነበሩ ይመስለኛል። እማማ ግን ያንን አላገኙም።

በአማርኛችን መስማትና መታዘዝ አንድ ቃል ነው። «የማይሰማ ልጅ» ስንል ጆሮው አይሠራም ማለታችን አይደለም። «ሰሚ ያለህ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ድምፁን የሚሰማ አላጣም፤ የሚሰማውና የሚነሳለት ነው ያጣው። ንጉሡ ሰሎሞን በገባዖን ምን ልስጥህ ሲባል የለመነውን የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «አስተዋይ ልቡና» ይለዋል። በዕብራይስጡ ቃል በቃል «የሚሰማ ልብ» ነው። እኔ ስጸልይ የሚናገር አፍ ነበር የለመንኩት።

በዚያው ሰሞን ስለ ዕጣ ሳስብ ካይሮ ትዝ አለችኝ። የግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኳን ስትመርጥ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2012 ነው። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ያረፉት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር። ወራት ሙሉ እጩ ሲጣራ፣ ሲጾም፣ ሲጸለይ ቆየ። ከዚያ መራጮች ድምፅ ሰጡና ሦስት ሰዎች ቀሩ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚለየው። በድምፅ የቀደመው አሸነፈ ተብሎ አያበቃም። የሦስቱ ስም በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ መንበሩ ላይ ተቀምጦ ቅዳሴ ይቀደሳል። ቅዳሴው ሲያበቃ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ አንድ ሕፃን እጁን ይሰድና አንዱን ያወጣል።

ካቴድራሉ በሕዝብ ጢም ብሎ ነበር። ሕፃኑ እጁን ሲሰድ ግን ጸጥታው በቴሌቪዥን መስኮት እንኳ ይሰማ ነበር። የወጣው የአቡነ ታዎድሮስ ስም ነው። በድምፅ አንደኛ አልነበሩም፤ አንደኛው ሌላ ጳጳስ ነበሩ። ቀኑ ደግሞ የአቡነ ታዎድሮስ ስልሳኛ የልደት ቀን ነበር። እሳቸው በዚያ ሰዓት ካይሮ ውስጥ አልነበሩም። በበረሃ፣ በአባ ቢሾይ ገዳም ነበሩ።

ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ሰው ሲተኩ እንዲሁ አድርገዋል። ሁለት ሰው አቆሙ፣ ጸለዩ፣ ዕጣ ጣሉ፣ ለማትያስ ወጣ። ዕጣ አስማት አይደለም። ግብፆቹም ቢሆኑ ያላጣሩትንና ያልመከሩበትን ሰው ስም ዕቃው ውስጥ አይጨምሩም። ሰው የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል። ከዚያ የመጨረሻዋን እርምጃ ይተዋል። የማንም እጅ የማይደርስባት፣ የሀብታምም የብልህም ድምፅ የማይገዛት አንዲት ባዶ ቦታ ትቀራለች። የተመረጠው ሰው ዕድሜውን ሙሉ «አሸነፍኩ» ማለት አይችልም። ያልተመረጠውም «ተሸነፍኩ» አይልም።

ይህ አሠራር ለእኛም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 በዚሁ መንገድ ዕጣ የወጣላቸው አቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ ናቸው። ከዚያ በፊት መነኩሴ ሳሉ ካይሮ አጠገብ፣ ሙቀጠም ኮረብታ ላይ፣ በአንድ አሮጌ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ የሾሙት እሳቸው ናቸው፤ በዚያው በ1959 ሰኔ ላይ። ከከሣቴ ብርሃን ሰላማ ዘመን ጀምሮ ጳጳስ ከእስክንድርያ ስንጠብቅ ለኖርን ለእኛ ትልቅ ቀን ነበር። ከነፋስ ወፍጮ በወጣ ሰው እጅ መምጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ግብፆቹ ድምፁን አስቀድመው ዕጣውን መጨረሻ ያደርጉታል። እኛ ዕጣውን አስቀድመን ነበር፤ እኔ መጣሁና በድምፅ ሻርኩት። ልዩነቱ ይቺ ናት።

ማኅበርተኛውን ሰበሰብኩ። 12 ሊደርስ አሥር ቀን ያህል ቀርቶት ነበር። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። የሆነውን ተረክኩ፣ የብርጭቆዎቹን ነገር ግን ለእማማ ክብር ስል ተውኩት። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ያልኩት የእኔ ፈቃድ ነበር» አልኩ። ከዚያ ሁሉም በየተራ እንዲናገር ለመንኩ፤ ከትንሹ ተጀምሮ ወደ ትልቁ፣ እኔ መጨረሻ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት ከባድ ነገር ሲመጣ አበምኔቱ ሁሉንም ጠርቶ ይስማ ይላል፤ የተሻለውን ነገር እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ ለታናሹ ይገልጣልና። ሊቀ ካህኑ ዔሊም የእግዚአብሔርን ቃል የሰማው ከብላቴናው ከሳሙኤል አፍ ነው፤ ያውም በራሱ ቤት ላይ የተነገረ ፍርድ። «አትሸሽገኝ» ብሎ ጠይቆ ሰማ።

ጀማሪዋ የኮሌጅ ተማሪ ነበረች፣ እናቷ ሲያርፉ በቦታቸው የገባች። «ችግሩ ቤት ለቤት መዞሩ አይመስለኝም» አለች። «ድግሱ ነው። ድሮ እናቴ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ብቻ ነበር የምታቀርበው። ወጥ መች እንደተጀመረ አላውቅም።»

እኔ አውቃለሁ። በተራዬ በግ አርጄ ነበር። ከእኔ በኋላ የመጣው ደግሞ ከእኔ እንዳያንስ ሁለት ዓይነት ወጥ ሠራ። ከሱ በኋላ የመጣው ሦስት። ሰው ለሚካኤል ሳይሆን ለእኛ ዓይን ሲል ተበድሮ ይደግስ ነበር። ያ ሁሉ ቁጥር ኤክሴሌ ውስጥ ነበር። ምክንያቱ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

ሁሉም ተናገረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ በፊት ስብሰባዎቼን በ20 ደቂቃ ስለምጨርስ ሰው ያመሰግነኝ ነበር። ተበድረው የደገሱት ሁለት ሰዎች ራሳቸው ተነስተው ተናገሩ፣ አንዷ እያለቀሰች። የኪራይ ቤቱ ወጣት «ቤቴን አፍሬበት ነው እጄን ያወጣሁት» አለ። እማማ ተራቸው ሲደርስ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «እኔ ድሮም ወጥ አላሰብኩም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈ ለነዳያን ይሰጥ ተባለ። ጽዋው ወደ ቤት ይመለስ ተባለ። እኔ ለመናገር ስነሳ የሚቀረኝ ነገር አልነበረም።

በነጋታው ወደ እማማ ሄጄ «አንዱን ብርጭቆ እኔ ልግዛው» አልኳቸው። አዩኝ።

«ይሄንንም ልትወስድብኝ ነው?» አሉ።

ዝም ብዬ ጌሾውን ከሰፌድ ወደ ማዳበሪያ ስገለብጥላቸው ዋልኩ።

በ12 ጽዋውን ከቤተ ክርስቲያን አውጥተን በዝማሬ ወደ ጉለሌ ወሰድነው። 24 ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አይገባም። ግማሹ ደጅ ተቀመጠ፣ ጎረቤቶች ወንበርና ጀሪካን አወጡ። የንስሐ አባታችን በሩ ላይ ቆመው ነው የጸለዩት፤ ውስጥ ያለውም ደጅ ያለውም እንዲሰማ። ግድግዳው ጥጉ ድረስ ተቀብቶ አልቋል። ንባቡን ለተማሪዋ ሰጠኋት። ዳቦው ተቆረሰ። እማማ በዚያ ቀን በሩ አጠገብ አልተቀመጡም።

ሲያበቃ አዲሱ ዕጣ ወጣ፣ እዚያው እሳቸው ቤት። ያወጣችው የጎረቤት ልጅ ናት፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የኪራይ ቤቱ ወጣት ተራው ስላለፈው እሱ ይቅደም ተብሎ የመጀመሪያው ወር ያለ ዕጣ ተሰጠው፤ ጽዋውን ሲረከብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚቀጥለው ወር ቤቱ ስንሄድ የግቢው ተከራዮች ሁሉ ወንበራቸውን አውጥተው ጠበቁን። በዚያ ዕጣ ለእኔ 19ኛው ወጣ። ለእማማ ደግሞ 21ኛው። ሰው «ውይ» አለ።

«ካቆየኝ» አሉ እማማ፣ ብርጭቆዎቹን እያለቀለቁ። «ሰሃን ደግሞ የለኝም።»